ለብ፣ ሞቅ፣ ቀዝቃዛ

የጨዋታው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ የደበቀ ሰው አይዋሽም። ፈላጊው ሲርቅ ደባቂው «ቀዝቃዛ» ይላል። ጠጋ ሲል «ለብ አለ»፣ ይበልጥ ሲጠጋ «ሞቀ»፣ እጁን ሊያሳርፍበት ሲል ደግሞ «ተቃጠልክ!» ብሎ ይጮኻል። በፋሲካ ማለዳ አያቴ ቀለም የተቀባ እንቁላል ጓሯችን ውስጥ ይደብቁና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በእነዚህ ቃላት ይመሩኝ ነበር። ስለዚህ በሰባት ዓመቴ፣ እናቴ ከአያቴ ደብቃ መሬት ውስጥ የምታስቀብረው ነገር እንዳለ ስሰማ ፋሲካ የተራዘመ መሰለኝ።

የምንኖረው ከግሮኒንገን በስተሰሜን፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር በተኛችው ኖርደርሃም መንደር ነበር፤ እኔ፣ እናቴ ሪና እና የእናቴ አባት። አባቴ በጎታች መርከብ ላይ ስለሚሠራ ቤታችን ውስጥ የሚታየው እንደ እንግዳ ነበር። አያቴን ኦፓ እላቸዋለሁ። ስማቸው ደርክ ቢሆንም «የጋዝ ደርክ» ካልተባለ በመንደሩ ማንም አያውቃቸውም። ከምድራችን ሥር ጋዝ የተገኘ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ የከሰሉን ምድጃ አስወጥተው ቧንቧ የዘረጉት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የሥራ ካፖርታቸው ያንን የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ አልለቀቀም። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ያ ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ለሌላው ሰው ማስጠንቀቂያ ነበር። ለእኔ ግን ኦፓ ቤት አሉ ማለት ነበር።

በየካቲት አንድ በረዷማ ጠዋት በዚያ ሽታ ነቃሁ። ደስ አለኝ። ከአልጋዬ ሳልወርድ የእናቴ እጆች ከነብርድ ልብሴ አነሱኝ።

«መብራቱን እንዳትነኪ! ምንም እንዳትነኪ!»

መንገዱ ላይ አቆመችኝና ተመልሳ ገባች። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ነፋሱ መጋረጃዎቻችንን ወደ ውጭ እየጎተተ ያራግባቸው ነበር፤ ቤታችን ምላሱን ያወጣ መሰለኝ። በመጨረሻ ኦፓ ወጡ፤ በትከሻቸው ፎጣ፣ በእጃቸው የወተት ድስት። ተቀይመዋል።

«ወተት እያሞቅሁ ነው እኮ!»

«እሳቱስ፣ አባዬ?»

«የቱ እሳት?»

እናቴ ድስቱን ከእጃቸው ወስዳ ወተቱን በረዶው ላይ ደፋችው። ጥሩ ወተት! ያን ቀን እናቴን ጨካኝ አልኳት፤ የቤታችንን ሙቀት ለሜዳ በትና፣ ሽማግሌ አባቷን ቁርስ ከልክላ። ጋዙ ሳይለኮስ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ሲፈስ እንደቆየ፣ ኦፓም ከአጠገቡ ቆመው ምንም እንዳልሸተታቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው ማስታወስ ከማቆሙ በፊት ማሽተት ያቆማል ይላሉ ሐኪሞች። እኛ ቤት አፍንጫቸው ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ማንም አላስተዋለም።

በዚያው ሳምንት እናቴ በኋላ በር ከኤፖ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ኤፖ ከኦፓ ሥር ሥራ የለመደ፣ አሁን የራሱ ሱቅ ያለው ጺማም ቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«አንዴ አልፌዋለሁ» አለች እናቴ። «አንዴ ከደገሙ ግን ዴልፍዘይል ያለው የአረጋውያን ቤት ይገባሉ። ክፍል ይዘውልኛል። ልጅ አለችኝ፣ ኤፖ።»

ኤፖ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ለምን እንዳዘነ አልገባኝም። ዴልፍዘይል ያለውን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሊፍት አለው፣ መግቢያው ላይ ወርቃማ ዓሣዎች አሉ። ኦፓ ምን እንደሚደግሙ ባላውቅም፣ ቶሎ ደግመውት እኔም ሊፍቱ ላይ ብወጣ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ክርክር መጣ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

«ኤሌክትሪክ ምድጃ» አለች እናቴ። «ነገ መጥተው ይገጥሙታል፤ ነገሩም ያልቃል።»

«በቁሜ?» አሉ ኦፓ። «መንደሩን ሙሉ ጋዝ አስገብቼ እኔ ሾርባዬን በሽቦ ላሙቅ? ሰዉ ምን ይላል? ቄሱ ጸሎት ተበደረ ነው የሚሉት!»

«ሰዉ የሚለው ሌላ ነው፣ አባዬ።»

የኦፓ ድምፅ ዝቅ ብሎ ወጣ።

«በእናቴ ጊዜ ግንቦት ሲጠባ ሁሉም ቤት ምድጃውን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። የበጋ ማድ ቤት ይባላል። ቤቱ ጥላሸት እንዳይጠጣ ነው። አንዱም አርጅቶ ተባረረ አልተባለም። ጋዙን ከቤት አውጪው፣ ሪና። እኔም አብሬው ልውጣ።»

ኤፖ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼማ ቀላል ነው፣ አለቃ። ከምድጃው ሥር አንድ ሲሊንደር ማቆም ነው። ቁፋሮ የለ፣ ምን የለ።»

«ይኼን ነው ያስተማርኩህ?»

«እየጠየቁኝ ነው ወይስ እየፈተኑኝ?»

«የሲሊንደር ጋዝ ከባድ ነው። ካመለጠ መሬት ለመሬት ተስቦ፣ ጎድጓዳ ፈልጎ ይተኛል፤ እሳት ይዞ የሚመጣውን ይጠብቃል። የመስመሩ ጋዝ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ካመለጠ ሽቅብ ይሄድና ለእግዜር ይሰጣል» አሉ ኦፓ። «ደግሞም ሲሊንደር መዝጊያው አንገቱ ላይ ነው። ማንም ያየዋል።»

«ቢያየውስ ምን ክፋት አለው?»

«ክፋት አለው» አሉ ኦፓ። ኤፖን ሳይሆን እናቴን እያዩ።

ከግድግዳ ወረቀት የተረፈ ጥቅል ተገልብጦ ተዘረጋ፤ እኔም ወጥቼ በክርኔ ተደገፍኩ። ኦፓ እርሳሳቸውን ይዘው ሲስሉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። መስመሩ በመተላለፊያው ካለው የጋዝ ቆጣሪ ይነሳል፤ ከወለሉ ሥር ያልፋል፤ በኋላው በር አጠገብ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። አራት እሳት አንድ ላይ ሲነድ እንዳይራብ ቧንቧው ይወፍራል። ርቀቱም ይጨመርበታል፤ ጋዝ እንደ ሰው መንገድ ሲረዝምበት ይደክማል። ጉድጓዱ ከአካፋ ይጠልቃል፣ ከታች አሸዋ፣ ከአሸዋው ላይ ቢጫ ቧንቧ፣ ከቧንቧው በላይ ቢጫ ጥብጣብ።

«ጥብጣቡ ለማን ነው?» አልኩ። «ስጦታ ነው?»

«ለሚቆፍር ሞኝ ነው» አሉ ኦፓ። «አካፋ የያዘ ሞኝ መቼም ከዓለም አይጠፋም። ጥብጣቡን ሲያይ ይቆማል።»

ከዚያ ወደ መዝጊያዎቹ መጡ። «ሁለት ይሁኑ። አንዱ ምድጃው ጎን፣ ለሚያበስለው። አንዱ በመስመሩ መሃል፣ ለቤቱ ባለቤት።»

«ባለቤቱ ማነው?» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

እርሳሱ ከግድግዳው ወጣ እንዳለ ቆመ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። እርሳሱን አስቀመጡት። «እኔ እስከዚህ ስያለሁ። ከዚህ ወዲያ እንዳታሳዩኝ። ኤፖ፣ ሪና በምትልህ ቦታ ትቀብረዋለህ። እኔ አልኖርም።»

«አለቃ፣ የእርስዎን መስመር ከእርስዎ ደብቄ እኔ…»

«ትደብቃለህ!» ጠረጴዛው ተመታ፤ ሲኒዎቹ ዘለሉ። «እንደ ሌባ ትደብቃለህ!»

«እንደ ፋሲካ እንቁላል?» አልኩ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ኦፓ ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

«ልክ እንደ ፋሲካ እንቁላል፣ ሚጣዬ። ዘንድሮ አንቺና እናትሽ ደባቂ፣ እኔ ፈላጊ። ስሚኝ፤ ብለምንሽ አትነግሪኝም። ብቆጣም አትነግሪኝም። ባለቅስም።»

«ኦፓ አያለቅሱም እኮ።»

«አላለቅስም።»

«ለብና ሞቅ ማለትስ ይፈቀዳል?»

ብዙ አሰቡ። «እሱ ይፈቀዳል» አሉ። እናቴ ተነሥታ የታጠበ ሲኒ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

መስመሩ የተዘረጋው፣ ምድጃውም ወደ ጓሮ የወጣው በሚያዝያ ነው። ያን ጠዋት ኦፓ ኮታቸውን ለበሱ፤ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ ሁልጊዜ ከሚያኖሩበት፣ የእንጨት ጫማቸውን አጠለቁና ወደ ግድቡ ወጡ። ግድቡ ሣር የለበሰ ረጅም ጉብታ ነው፤ ከወዲያ ባሕር፣ ከወዲህ እኛ። አናቱ ላይ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ተቀመጡ። ከጓሯችን ሆነን ጀርባቸውን እናየው ነበር። ድብብቆሽ ስንጫወት ዛፍ ላይ ተደፍቶ እንደሚቆጥር ልጅ አንዴም ዞር አላሉም። ምን ያህል ሐቀኛ ተጫዋች ናቸው አልኩ።

እናቴ ጓሮውን ዞረችው። የበርሜሉን ሥር አየች፤ የድንቹን መደብ አየች። በመጨረሻ በኋላው በር ጡቦቹ ላይ ቆመች።

«እዚህ።»

«በር ላይ?» አለ ኤፖ። «በቀን ስንቴ ይረግጡታል!»

«ለዚህ ነው። ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን አያይም።»

ኤፖ ጡቦቹን አንሥቶ መዝጊያውን አሰረ፤ ትንሽ የብረት ክዳን ደፋበት፤ እናቴ የእግር መጥረጊያውን ምንጣፍ አለበሰችው። ለእኔ ብሩሽና የሳሙና ውሃ ተሰጠኝ። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባሁ።

«አረፋ ከነፋ ቧንቧው እያሳበቀ ነው» አለ ኤፖ። «ዝም ካለ ጨዋ ነው።»

ዝም አለ። እየሮጥኩ ግድቡ ላይ ወጣሁ። «ጨርሰናል! ይምጡ! ይፈልጉ!» ኦፓ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ነፋሱ ነው አሉኝ፤ አመንኩ።

ግን አልፈለጉም። በጋውን ሙሉ ጠበቅሁ። እናቴ ጠዋት ምንጣፉን አንሥታ መዝጊያውን ትከፍታለች። ኦፓ ከጓሮው ማድ ቤታቸው ጥላ ሥር ቆመው ባሮ ሽንኩርት ይቆርጣሉ፣ የአሳማ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ የሰናፍጭ ሾርባቸውን ያማስላሉ። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደግፎ «የጋዝ ደርክ፣ ቤትህን ጥለህ ጓሮ ገባህ?» ይላል፤ «ቤቱ ነው እኔን የጣለኝ፣ አንተ ሾርባ ሸቶህ ነው የመጣኸው!» ይሉታል። ምግቡ ሲያበቃ እናቴ መልሳ ትዘጋለች። ኦፓ አመሻሽ ላይ የእንጨት ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ አውልቀው፣ ጎን ለጎን አድርገው በካልሲ ይገባሉ። እኔ በየቀኑ ትንፋሼን እይዛለሁ። እንቁላሉ ላይ ቆመው አያውቁትም! ትንሽ አዘንኩላቸው፤ ትንሽም ሰለቸኝ። የማይፈልግ ፈላጊ ምን ያደርግልኛል?

መፈለግ የጀመሩት በመስከረም ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም። እናቴ ግን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት እስኪመሽ አትወጣም። ስትሄድ ለእሳቸው «ልጅቱን ይጠብቁልኝ» አለች፤ ለእኔ በጆሮዬ «እሳቸውን ጠብቂልኝ» አለችኝ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር፣ ኤፖ ለምድጃው የሠራለት የቆርቆሮ ክዳን ወደ ታች ተደፍቶ ነበር። እኔ ጡቦቹ ላይ በጠመኔ ስስል ኦፓ ከቤት ወጡ። በአንድ እጃቸው ክብሪት አለ። ክዳኑን ሳያነሱ የፊት ቁልፎቹን አዞሩ፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ አራቱንም እስከ መጨረሻቸው።

«ጋዝ የለም» አሉ።

ጆሯቸውን ክዳኑ ላይ ለጠፉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ጋዝ የለም። መስመሩ በሙሉ ሞቷል። ሴቶቹ ድስት ጥደዋል። ሕፃናት አሉ።» ዞር ዞር አሉ። «መዝጊያው የት ነው?»

ጠመኔውን ጣልኩት። በመጨረሻ!

«ቀዝቃዛ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዕቃ ቤቱን ከፍተው ዕቃውን ገለባበጡት። ቀዝቃዛ! የድንቹን መደብ በእግራቸው ቆፈሩ። ቀዝቃዛ! በርሜሉን አቅፈው ሲያዘነብሉት ውሃው ተደፋባቸው፤ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች ራሰ፤ እሳቸው ግን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ለብ አለ፣ አልኩ፤ ድምፄ ትንሽ ቀነሰ። በጡቡ መንገድ ወደ በሩ መጡ። ሞቀ። እንዲህ በፍጥነት ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። የእንጨት ጫማቸው ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ብረቱ ቋ አለ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ኦፓ ወደ እኔ ዞሩ። ቆባቸውን አወለቁ።

«እሜቴ» አሉኝ፣ «ስለረበሽኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቤትዎን መዝጊያ ቢያሳዩኝ። ሌሎች ቤቶችም እየጠበቁኝ ነው።»

እሜቴ። እኔን። እርስዎ ብለው።

ቆባቸውን በያዙበት እጅ የክብሪቱ ቀፎ ተከፍቷል፤ አንዷ እንጨት በግማሽ ወጥታለች። ዓይናቸው በእኔ ላይ ነበር፤ ግን ደጃፍ ላይ የቆመች ባለቤት የሚያይ ዓይን ነው። ፈገግ እንዲሉ ጠበቅሁ። አላሉም። በሕይወቴ የፈራሁት የመጀመሪያ ሰው ያ ትሑት ሰው ነው።

የሰባት ዓመት ልጅ ስለ በሽታ ምንም አታውቅም። ስለ ጨዋታ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። አብሮሽ የሚጫወት ሰው ማን እንደሆንሽ ማወቅ አለበት። ይህ ሰው ካላወቀኝ ኦፓ አይደለም። ምሥጢሩን ያስያዙኝ ደግሞ ኦፓ ናቸው።

«ቀዝቃዛ» አልኩ። «በረዶ ነው። ወደዚያ ነው፣ ሩቅ።»

ከምንጣፉ ላይ ወረዱ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ።»

ከዕቃ ቤቱ አካፋ አወጡ። ከማድ ቤቱ ጎን፣ ሣሩ ላይ፣ መስመሩ በሚያልፍበት መቆፈር ጀመሩ። በእግራቸው እየገፉ፣ እያቃሰቱ። ጭቃው ይፈናጠራል። «ይበርዳቸዋል» ይላሉ፤ «ሕፃናት አሉ፤ የት ነው፣ የት ነው ያደረጋችሁብኝ?» ከዚያ አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ አፍንጫቸውን ሳይጠርጉ፣ እየቆፈሩ። ባለቅስም አትነግሪኝም ብለውኝ ነበር። ሁለት እጆቼን አፌ ላይ ጭኜ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩበት። ብረቱ በቀሚሴ ውስጥ ይቀዘቅዘኛል። አካፋው ወጣ፣ ወረደ። ወጣ።

አየር ላይ ቆመ።

ኦፓ ተንበረከኩ። ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር በጣታቸው እየጎተቱ አወጡ፤ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ቢጫ ነበር።

«ሞኙ ማነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

በዚያው ቅጽበት እናቴ በጎን በር ገባች። ብስክሌቷን ለቀቀችው፤ ወድቆም ጎማው ይሽከረከር ነበር። ጉድጓዱን አላየችም። እኔንም አላየችም። የተከፈቱትን አራት ቁልፎች፣ የተደፋውን ክዳንና ሣሩ ላይ የነበረውን ክብሪት ነው ያየችው። ኦፓ ክብሪቱን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ።

«አንተ!» አለች። «አንተ፣ እንዳትነካው! አምጣ!»

እናቴ አባቷን «አንተ» ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኦፓ ክብሪቱን አንሥተው፣ መምህር ፊት እንደ ቆመ ተማሪ፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ጠየቁሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ነገርሻቸው?»

«ቀዝቃዛ አልኳቸው።»

«የት ቆመው?»

የተቀመጥኩበትን ምንጣፍ በጣቴ አሳየኋት። ቦርሳዋ በትከሻዋ እንዳለ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሕጉን በማፍረሴ የተቆጣችኝ መሰለኝ፤ «እሱ እኮ ኦፓ አልነበረም» ልላት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም።

ዛሬ ያቺን ደቂቃ ሳስባት የማየው የምድጃውን ክዳን ነው። መዝጊያው ቢከፈት፣ ሽቅብ ሄዶ ለእግዜር ሊሰጥ የነበረው ጋዝ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ይታጎር ነበር። ኦፓ ተመልሰው ይሄዱ ነበር። ክዳኑን ያነሡ ነበር። ክብሪቷ ቀድሞውኑ በግማሽ ወጥታለች። ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረው ቃል «ተቃጠሉ!» የሚለው ነው።

አመሻሹ ላይ እናቴ መተላለፊያው ውስጥ ስልኩን አንሥታ ቆመች። ከወዲያ ጫፍ የሴት ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲል ይሰማኛል። እናቴ ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው።

«አልደገሙም» አለችኝ፤ ለራሷ ነበር የምትናገረው። «ጋዙ አልወጣም። አልደገሙም።»

ዴልፍዘይል ያለውን ቤት ኦፓ ሳያዩት፣ ከሌላ በጋ በኋላ፣ በራሳቸው አልጋ ዐረፉ። ሊፍቱን እኔም አልወጣሁበትም።

ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ለትምህርት ከሄድኩበት ከተማ ስመለስ፣ ኤፖን አጥሩ ጋ አገኘሁት። ጺሙ ነጭ ሆኗል። ስለዚያ ረቡዕ ነገርኩት፤ ቃል በቃል፣ ለማንም ነግሬ በማላውቀው ሁኔታ። ኦፓ እንዴት እንቁላሉ ላይ ቆመው እንዳላወቁት ስነግረው ጺሙን ያዘ።

«ያውቁታል» አለ።

«ምን?»

«አለቃ ያውቁታል፣ ሂልከ። ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው እኮ። መስመሩ በዚያ በር ጎን እንደሚወጣ ራሳቸው ስለዋል። መዝጊያ ቧንቧው ከመታጠፉ በፊት ነው የሚገባው፤ ሌላ ቦታ የለውም። ከግድቡ በወረዱበት ማታ አንዴ ጡቦቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ሌላ ወሬ ጀመሩ። ራሳቸውን ሲሆኑ ያውቁታል። እኛ የደበቅነው ከሌላኛው ሰውዬ ነው።»

እቤት ገብቼ ብዙ አሰብኩ። የኋላው በር ምንጣፍ ተቀይሯል፤ የብረት ክዳኑ ከሥሩ አለ። የኦፓ የእንጨት ጫማ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ነበር። ከዚያ በጋ በፊት አንድም ቀን በሩ ላይ አውልቀውት አያውቁም።

የዚያን ረቡዕ ምሽት ኦፓ ራሳቸውን ሆነው፣ ሱሪ ቀይረው፣ በሩ ላይ ቆመው ጓሮውን አዩት። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ።

«ፈልጌ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ኦፓ።»

«አገኘሁት?»

«አላገኙትም።»

«ቀርቤስ ነበር?»

እግራቸውን አየሁ። «ቀዝቃዛ ነበሩ» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉ። ጎንበስ ብለው የእንጨት ጫማቸውን አወለቁ፤ ምንጣፉ መሃል ላይ አኖሩት፤ አንዱ ትንሽ ጠምሞ ስለነበር በካልሲያቸው ገፋ አድርገው አስተካከሉት። ከዚያ እጄን ያዙኝና ገባን።